የባህር ሣሩና ያቺ ጎረቤት

ለውድ ወንድሜ ለሀፊዝ ጀማሉዲን፤ ባለህበት በቡሳን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከረምክልኝ ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርዱ ያስያዘህ ሳል ለቀቀህ? ሰውነትህ ትንሽ ሞላ ወይስ አሁንም በላክኸው ፎቶ ላይ እንዳየነው ካፖርቱ ብቻውን ነው የሚሄደው? ሶላትህን በሰዓቱ ትሰግዳለህ? ይህን የመጨረሻውን አባ በስልክ ሁልጊዜ ስለሚጠይቁህ፣ ሳትጠየቅ ብትቀር የተረሳህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። እኔን በጣም ናፍቀኸኛል፤ በተለይ የሒሳብ የቤት ሥራ በተሰጠን ቀን።

ከዚህ ቀጥሎ እኛ ሁላችን ደህና ነን ማለት ነበር ወጉ። እስከ ዛሬ የሰማኸው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጀምረው። ይኼኛው ግን እንዲያ ሊጀምርልኝ አልቻለም። ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ። ማንም አልሞተም፤ ወላሂ ማንም አልሞተም። ይህን ቀድሜ የምነግርህ ዓይንህ መስመሩን እየዘለለ ወደ ታች እንደሚሮጥ ስለማውቅ ነው። አትሩጥ፤ በተራው እነግርሃለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ጁምዓ ጁምዓ ስትደውል ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ምንጣፉ መሀል ነው የሚቀመጠው። አጎቴ ሙሄዲን ከጋራዣቸው ዘይት በዘይት ሆነው እየሮጡ ይመጡና ሁላችንንም ገፍተው ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ የምትሰማቸው በጩኸታቸው ብዛት ይመስላቸዋል። ኢሜይል እንዳልጽፍልህ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት የእሳቸው ደንበኛ ነው፤ እኔ "ላክ" የሚለውን ሳልጫን እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ይህን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ እየጻፍኩልህ ነው። ይዛልህ የምትመጣው ጽናት ናት፤ የኮምቦልቻዎቹ፣ የወንጌላዊው የአቶ ቃለሕይወት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ አብራህ የነበረችው። እሷም የትምህርት ዕድል አግኝታ ወደዚያው መምጣቷ ነው፤ ከነገ ወዲያ ትበራለች። ነገ በሚኒባስ ወርጄ በእጇ እሰጣታለሁ። ለቤት የምለው የቡድን ሥራ አለብን ነው።

እንግዲህ ልጀምር። ጥቅምት ላይ እማ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት አገኘች። ለማንም ሳትናገር ቆየች፤ እኔ ያወቅሁት ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዋን ላሻት ገብቼ እጇን ከደረቷ ላይ አላነሳ ስትለኝ ነው። እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳት። እሷ ግን መንገድ ላይም ሆስፒታሉ ውስጥም ላገኘችው ሰው ሁሉ "ረሂማን ሆዷን አሟት ላሳያት ነው" ትል ነበር፤ እኔም ሆዴን ይዤ ተራመድኩላት። ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነው አሉን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ "እማማ፣ በጊዜ ነው የመጡት። አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ቢወጣ ተስፋው ጥሩ ነው። ካቆዩት ግን ይህን ቃሌን ልደግምልዎት አልችልም" አላት። ለአዲስ አበባውም ሆስፒታል ጻፈላት፤ ቀጠሮም አስያዘላት።

ትልልቆቹ ተሰበሰቡ። አባ፣ አጎቴ ሙሄዲንና የሰፈሩ ዕድር የቅሬያችን ሰብሳቢ ሼህ በሺር። የሚወራው አዲስ አበባ መቼ ትሂድ የሚለው መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ከዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት የተወያዩት አንተ እንዳትሰማ እንዴት እንደሚደረግ ነው። አጎቴ፣ ሰው አገር ያለ ልጅ ክፉ ወሬ አይነገረውም አሉ። ሼህ በሺር፣ ባሕር ማዶ ሆኖ ሲደነግጥ ማን ይዞ ውሃ ያጠጣዋል አሉ። አባ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እኔ፣ ታዲያ ሕክምናው መቼ ነው ብል አጎቴ፣ "ትልልቅ ሰው ሲመክር ልጅ ሻይ ነው የሚያመጣ" አሉኝ። አመጣሁላቸው። ስኳሩን ግን ረሳሁት፤ እነሱም ለክብራቸው ሲሉ ሳይጠይቁ ጠጡት።

በዚያው ሰሞን አንተ ደወልክ። ያን ጁምዓ አስታውሰው እስቲ። አባ፣ እዚያ የምትሠራው ምንድነው ብለው ጠየቁህ። አንተ ደግሞ ስለ ሥራህ አንዴ ከጀመርክ ልጓም የለህም። ከባሕር የሚወጣ ቡናማ ሣር አለ፣ የአገሩ ሰው በሾርባ ይበላዋል፣ አራስ ይመግቡበታል አልክ። እኛ ከሣሩ የሚያዳልጥ፣ የስኳር ዘር የሆነ ነገር እናወጣለን፣ ፉኮይዳን ይባላል፣ የካንሰር ሴል ላይ ስናደርገው ሴሉ ይሞታል አልክ። ደግሞ ሰውነትን ከውስጥ እንደ ዝገት የሚበላውን ነገር ይከላከላል አልክ። ከዚያ አንተ የተቋረጠ መስሎህ "ሃሎ፣ ሃሎ" ትላለህ። አልተቋረጠም ነበር። ሁላችንም ወደ እማ ዞረን እሷን እያየናት ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት አጎቴ ናቸው። አንዲት ጎረቤት አለችን፣ ይኼው በሽታ ይዟታል፣ ያን ነገር ብትልክላት ይጠቅማት ይሆን አሉህ። አንተ ደግሞ ወዲያው፣ የትኛዋ ጎረቤት አልክ። አባ የዚሁ ሰፈራችን የሆጤዋ አሉ፤ አጎቴ በዚያው ቅጽበት የሸዋ በሯ አሉ። እማ ራሷ፣ "አታውቃትም፣ በቅርቡ ነው የገባችው" አለችህ። አንተም አዝነህ፣ ለዚያች ምስኪን ብለህ፣ ሰው ሲመጣ አንድ ጣሳ ዱቄት ላክህ። ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር፣ "ያቺ ጎረቤት እንዴት ሆነች?" ትላለህ። እነሱም አልሀምዱሊላህ ተሽሏታል ይሉሃል። ደስ ይልሃል። ድምፅህ ላይ ይታወቃል።

ሀፊዝዬ፣ ያቺ ጎረቤት እማ ናት።

እዚህ ላይ ቆም በልና ውሃ ጠጣ። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀምጬ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ምነው አመመሽ እንዴ ብላኛለች። ራስህን እንዳትወቅስ። አንተ ዱቄቱን ስትልክ ያልከውን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ሐኪም ያዘዘላትን ሕክምና እንዳትተው፣ ይኼ ገና በሰው ላይ ተሞክሮ ያለቀለት መድኃኒት አይደለም" ብለሃል። ከዚያ፣ በሾርባ የሚበላ ነገር ነው፣ ብዙም አይጎዳትም አልክ። አጎቴ ለሰው ሲያወሩ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያውን ሳስታውሳቸው፣ እዚያ ላይ ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር ይሉኛል። አጠገባቸው ተቀምጬ እኔ የሰማሁትን ኔትወርክ እሳቸው ጋ ብቻ ይቆራርጠዋል።

ጣሳው የመጣ ቀን የሆነውን ብታይ ትስቅ ነበር፤ እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ። ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። የዓሣ ነው እንዳይባል ዓሣ አይደለም፣ የሣር ነው እንዳይባል ሣር እንዲያ አይሸትም። አባ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ "ይኼን ነገር ሰው ይበላዋል?" አሉ። ሼህ በሺር ተጠርተው መጡ፣ ሃላል ነው ወይስ ሐራም ይበሉን ተባሉ። አሽትተው፣ ቀምሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ከባሕር የሚወጣ ሃላል ነው አሉ በመጨረሻ፤ ቀጥለው ደግሞ፣ "ግን እንዲህ የሚመር ነገር ማንም ለደስታው ስለማይበላው ፈትዋም አያስፈልገው" አሉ። እማ በብርጭቆ ውሃ በጥብጣ ስትጠጣው ልክ እንደ ተልባ ይጎተታል። ድመታችን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእማ እግር ሥር ጠፍታ አታውቅም።

ደግሞ አጎቴን ብታያቸው። አንተ ዝገት ያልካት አንዲት ቃል እኮ ሐኪም አደረገቻቸው። መኪና ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ገባኝ አሉ። የሰው ልጅ ሰውነት አካሉ ቆርቆሮ ነው፣ ዕድሜ ዝገት ነው፣ የሀፊዝ ዱቄት ጸረ ዝገት ቀለም ነው እያሉ ለሰው ያስረዳሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው በድብቅ አንድ ማንኪያ ሲያነሱ ያዝኳቸው። "ለሙከራ ነው" አሉኝ።

እማ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ለብቻዋ የምትበላው ነገር ከጉሮሮዋ አይወርድም። የቅሬው ሴቶች ዱዓ ሊያደርጉላት የመጡ ቀን፣ የባሕር ማዶ መድኃኒት መጣ ሲባል ሰምተዋል፤ አንዷ ለወገቧ፣ አንዷ ለስኳር በሽታዋ፣ አንዷ ደግሞ ለማታስተኛት ምራቷ አለች። እማ ጣሳውን ከፈተችና በማንኪያ እየሰፈረች፣ በረካው ለሁላችን ይዳረስ እያለች ግማሹን አደለችው። ሴቶቹ እየመረቋት ወጡ። አንድ ሰፈር በሙሉ የአንተን የጥናት ሥራ ጠጥቶታል ማለት ነው። ፕሮፌሰርህ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔ ግን ያን ቀን መሳቅ አቆምኩ። እድናለሁ ብላ የምታምን ሰው መድኃኒቷን እንዲያ አትበትነውም ብዬ አሰብኩ። ግን ገፍቼ አላሰብኩበትም።

በዚህ መሀል የአዲስ አበባው ቀጠሮ አለፈ። ማንም አልተነሳም። አባ ቢላዋ የሚባል ነገር ስለሚፈሩ ዱቄቱ መምጣቱ ለእሳቸው እፎይታ ነው፤ በየጠዋቱ ብርጭቆውን በጥብጠው በእጃቸው ይሰጧታል። ሼህ በሺር ዱዓውም መድኃኒቱም አብረው ይሠራሉ ይላሉ። እኔ ስናገር፣ "አብሽሪ፣ ወንድምሽ እኮ በእጁ የሠራው ነው" ይሉኛል። እንዲህ አድርጌ የምከራከረው ከአንተ ጋር ሆነብኝ። አንተ ደግሞ እዚህ የለህም።

መምህር ስማቸው የሚባሉትን የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እንደ አጎቴ፣ ጎረቤት አልፈጠርኩም፤ እናቴ ናት አልኳቸው። ጥሩ አድርገው አስረዱኝ። ሀፊዝ የሚሠራው እውነተኛ ሥራ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ መድኃኒት ሊወጣው ይችል ይሆናል አሉኝ። ግን ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሴልና ሰው ውስጥ ያለ በሽታ አንድ አይደሉም፣ "ብልቃጥ ውስጥ ያለውንማ በረኪናም ይገድለዋል፣ ታዲያ እናትሽን በረኪና ታጠጪያታለሽ?" አሉኝ። ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው ቀጥለው በረኪና እንዳይሞክሩ ፈርቼ ተውኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የባሰው መጣ። እኔና እማ ልብስ አጥበን ግቢ ውስጥ እያሰጣን ነበር። ብርድ ልብሱን ገመዱ ላይ ልትሰቅል ስትል ቀኝ እጇ አልነሳ አላት። በግራዋ ክንዷን ደግፋ ከፍ አደረገችው፤ ከንፈሯን ነክሳ። እንዳላየሁ ልሆን ፈልጌ አልሆንልኝ አለ። "እማ፣ ይኼ ዱቄት ምኑን ነው የሚያሽረው?" አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ወደ ቤቱ ዞር ብላ አባ አለመኖራቸውን አየችና፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ዱቄቱ ያድነኛል ብዬ የምጠጣው መስሎሻል?" አለችኝ። "ስንት ዘመን ቅቤ ነግጄ ሙዝ የገባበትን ቅቤ በጠረኑ የምለይ ሰው ነኝ። ዱቄቱን ስጠጣ አባትሽም አጎትሽም ዝም ይላሉ። ካልጠጣሁ ተነሺ አዲስ አበባ ይሉኛል። አዲስ አበባ ብሄድ የማርፈው አክስትሽ አሚና ቤት ነው። አሚና የሰማችው ደግሞ በነጋታው ሀፊዝ ዘንድ ነው። ከሰማ ጥሎ ይመጣል። ሰኔ ይለፍልኝ፣ ትምህርቱን ይጨርስልኝና ያን ጊዜ እንደፈለጉ ይቁረጡኝ" አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን በግራ እጇ አስተካከለችው፤ ወሬው ያለቀ ይመስል።

አየህ፣ እኔ ሦስቱ ሽማግሌዎች ያታለሏት መስሎኝ ስብከነከን የከረምኩት በከንቱ ነው። እሷ ናት ሦስቱንም ያታለለቻቸው። አክስታችን አሚናን እንኳ አስባበታለች። እኔ ብልጥነቴን ከማን እንደወረስኩ ሁልጊዜ ሲገርመኝ ነበር፤ አሁን ገባኝ፣ ግን ደስ አላለኝም።

ጥሎ ይመጣል ያለችውም ከመሬት ተነስታ አይደለም። አባ እግራቸውን የተሰበሩ ጊዜ ከሐሮማያ ፈተናህን ጥለህ መጥተህ ዓመት አቃጥለሃል። አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እሷ ግን አልረሳችውም። ያን ጊዜ በር ላይ ቦርሳህን ይዘህ ስትታያት ደስ ያላት መስሎህ ነበር። እኔ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ቀርቼ ብቻዬን ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ አስታወሰና፣ ሆድሽን የሚያምሽ ልጅ አይደለሽም ወይ አለኝ። የእጇን ነገር ስነግረው ሳቁ ጠፋ። መዘግየቱ መጥፎ ነው፣ ግን አልመሸም፣ በዚህ ሳምንት ብትመጣ እንደገና አይቼ ራሴ ደውዬ ቀጠሮ አስይዝላታለሁ አለ። እስከ ሰኔ ብትቆይስ አልኩት። እስክርቢቶውን አነሳና "በዚህ ሳምንት" ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ዱቄቱንም ጠየቀኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር ደም ሊያቀጥን ይችላል፣ ቀዶ ጥገና ከመግባቷ በፊት ማቆም አለባት አለኝ። ይህን አንተ ከእሱ የበለጠ ታውቀው ይሆናል።

እንግዲህ የምለምንህን ልንገርህ። እንዳትመጣ።

ትኬት ልታይ ተነስተህ ከሆነ ተመለስና ተቀመጥ። መምጣት ለአንተ ቀላሉ ነው፤ እኔም ብትመጣ በደስታ አብድ ነበር። ግን በሩ ላይ ቦርሳህን ይዘህ ያየችህ ዕለት፣ የፈራችው ስለደረሰ፣ ትሸነፋለች። ይህን ደብዳቤ ያነበብክ ለት ደውል፤ ጁምዓን አትጠብቅ። እማን ስጡኝ በል። ሁሉንም አውቄያለሁ፣ ረሂማ ነግራኛለች በላት፤ ስሜን አትደብቅ፣ ቁጣውን እኔ እችለዋለሁ። ከዚያ በአላህ ስም ማልላት። ወላሂ ትምህርቴን ጥዬ አልመጣም፣ አንቺ ግን ነገ ሐኪም ዘንድ ካልሄድሽ እመጣለሁ በላት። ድምፅህ እንዳይሰበር። ማልቀስ ካለብህ አሁን፣ ከመደወልህ በፊት አልቅስና ጨርስ። እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት።

አጎቴን ደግሞ ሳይንስ አትንገራቸው፤ ይገባኛል ብለው የባሰ ያበላሹታል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው። ደንበኛ የዛገ ላሜራ ይዞ መጥቶ፣ ቀለም ብቻ ቀቡልኝ ሲላቸው ምን እንደሚሉት ጠይቃቸው። ጋራዡ በር ላይ ስንቴ ሰምቻቸዋለሁ፤ "የዛገው ካልተቆረጠ ቀለሜን አላባክንም" ብለው ነው የሚመልሱት። ራሳቸው ይመልሱልህ፤ አባም አጠገባቸው ሆነው ይስሙ። ከእሳቸው አፍ ከወጣ በኋላ እንደ ራሳቸው ሐሳብ ይሟገቱለታል፤ እማን አዲስ አበባ ድረስ በጫጫታ የሚያደርሷትም እሳቸው ይሆናሉ። ሹፌሩንም መኪናው ዝጓል እያሉ ሲያስፈራሩት ይሄዳሉ።

አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ። ይህ የፊዚክስ ፈተና ከሚሰጥበት ሰሞን ጋር መገጣጠሙ የጀሊሉ የአላህ ሥራ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ማታ ማታ አጠገቧ እተኛለሁ፤ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ አንዳንዴ ቀስ ብላ ስትተነፍስ ትከሻዋን እነቀንቃታለሁ፣ "ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ" ትለኛለች፣ ቅዠት ነው እላታለሁ። እንዲህ እያደረግሁ ሰኔን መጠበቅ አልችልም።

ሰላምታ እንዳልጽፍልህ ይህን መጻፌን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ቢያውቁ ኖሮ የሚሉህን እኔው ልጻፍልህ። አባ፣ ሶላትህን አደራ ይሉሃል፤ ከዚያ ሌላ የሚሉት ሲያጡ ስልኩን ለእማ ያቀብላሉ። አጎቴ ሙሄዲን በጣም ሰላም ይሉሃል፤ ጉልበታቸውም እንደነበረው ነው፣ ሙከራው አልሠራም። ሼህ በሺር ዱዓቸው አልተለየህም። አክስታችን አሚና ሰላም ትልሃለች፤ እሷ እንኳ ይህን አለማወቋን ስትሰማ እንዴት እንደምትቀየም አስበው። የሰፈሩ ሴቶች ዱቄቱ መቼ ይመጣል ይሉሃል፤ እባክህ እንዳትልክ። ድመቷም ደህና ናት፤ የእማን እግር አትለቅም።

እማ ደግሞ፣ "ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ በርታልኝ" ትልሃለች። እሷን እንዳታምናት።

እህትህ ረሂማ ጀማሉዲን

ደሴ፣ ሆጤ
የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.